ኤች ኢንዴክስ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ስለ አንድ የካንሰር ሕክምና ክርክር ተነስቶ፣ አንዱ «የተመራማሪው ኤች ኢንዴክስ ከ80 በላይ ነው፤ እናንተ ማን ሆናችሁ ነው የምትጠራጠሩት?» ብሎ ነገሩን ሲዘጋው አየሁ። እንዲህ ያለውን ደጋግሜ ስላየሁ ዝም ማለት አቃተኝ። ወንድሜ፣ ኤች ኢንዴክስ የአንድ ተመራማሪ ጽሑፎች በሌሎች የምርምር ጽሑፎች ውስጥ ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ሕክምናው ይሠራል አይሠራም አይልም።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረበው ነው። አንድ ተመራማሪ አምስት ጽሑፎች አሉት እንበል። 40፣ 12፣ 6፣ 4 እና 1 ጊዜ ተጠቅሰዋል። ቢያንስ አራት አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ጽሑፎች ስላሉት ኤች ኢንዴክሱ 4 ነው። አሁን 40 ጊዜ የተጠቀሰው 40 ሺህ ጊዜ ይጠቀስ። ኤች ኢንዴክሱ ያው 4 ነው። ሰውየው በአንድ ሥራ ዓለምን ቢቀይርም እዚህ ቁጥር ውስጥ አይታይም።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ስሌቱን አይደለም። መጠቀስን እንደ ምስክርነት ይቆጥረዋል። መጠቀስ ስም መነሳት ነው፣ በቃ። እስቲ ችሎት አስቡ። የምስክሩ ስም ይነሳል፣ የተከሳሹም ይነሳል፤ እንዲያውም ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው የተከሳሹ ነው። ጠበቃው ቀድሞ የረታበትን መዝገብ እየጠራ ራሱን ያነሳል፤ በምርምር ዓለምም የራስን ጽሑፍ መጥቀስ አለ። ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቀው የመዝገብ ቤት ሠራተኛም ስሙ በየገጹ ግርጌ አለ። ታዲያ ስም ብቻ ቆጥሮ ማን እውነት እንደተናገረ መፍረድ ይቻላል?

የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። በ1951 የወጣው የላውሪ ጽሑፍ ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። የያዘው የፕሮቲን መጠን መለኪያ ዘዴ ነው። በጣም ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ስለ የትኛውም በሽታ ግን ምንም አይልም። በካንሰርም የዓለምን የሥርጭት አኃዝ የሚያወጡ ጽሑፎች የመጠቀስ ቁጥራቸው ሰማይ የሚነካው፣ ሁሉም ሰው የጥናቱን መግቢያ «በዓመት ይህን ያህል ሰው ይታመማል» ብሎ ስለሚጀምር ነው።

ተከሳሹስ? በ2006 ከዱክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ የዕጢውን ጂኖች አይቶ የትኛው ኬሞቴራፒ ለየትኛው ታማሚ እንደሚሠራ መተንበይ ይቻላል አለ። ኔቸር ሜዲሲን የተባለው ስመ ጥር የሕክምና ምርምር መጽሔት ላይ ነው የታተመው። በዚህ ላይ ተመሥርቶ በሕሙማን ላይ ሙከራ ተጀመረ። ኪት ባገርሊ እና ኬቨን ኩምብስ የተባሉ የስታትስቲክስ ባለሙያዎች ዳታውን ከፍተው መረመሩት። የጂኖቹ ዝርዝር በአንድ ረድፍ ተዛንፏል። መድኃኒቱ የሚሠራባቸውና የማይሠራባቸው ናሙናዎችም ቦታ ተለዋውጠው ተገኙ። ጽሑፉ በ2011 ተሰረዘ። ልብ በሉ፣ ስህተቱን ለማጋለጥ የተጻፈ ትችት እንኳ ለተተቸው ጽሑፍ አንድ ተጨማሪ መጠቀስ ሆኖ ይመዘገብለታል።

ተቃራኒውም አለ። ፔይተን ራውስ በ1911 ቫይረስ በዶሮ ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አሳየ። ለዓመታት ብዙዎች ቁም ነገር አላሉትም። የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1966፣ ከ55 ዓመት በኋላ ነው።

ሳልረሳው ልበልና፣ በክሊኒካል ሙከራ (በሰዎች ላይ በሚደረግ የሕክምና ሙከራ) ጽሑፎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰፍረው ስም በደርዘን ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ለሁሉም እኩል ይታሰባል። በአብዛኛው ዋናውን ሥራ የሠራው መጀመሪያ ላይ፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ መጨረሻ ላይ ይጻፋል፤ ኤች ኢንዴክስ ይህን አይለይም። ብርቅ የሆነ የሕፃናት ካንሰር የሚያጠናውንም ከጡት ካንሰር ተመራማሪ ጋር በዚህ ማወዳደር ግፍ ነው። መስኩ ውስጥ ያለው ሰው ጥቂት ከሆነ የሚጠቅሰውም ጥቂት ነው።

ስለዚያ ሕክምና መከራከር የፈለገ ጥናቱን ያምጣ። ስንት ሕሙማን ተሳተፉ? ማወዳደሪያ ቡድን ነበረ ወይ? ሌላ ቤተ ሙከራ ደግሞት ያንኑ አገኘ ወይ? ይህ የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ አይደለም። በ2012 የመድኃኒት አምራቹ የአምጀን ኩባንያ ሳይንቲስቶች 53 ስመ ጥር የካንሰር ጥናቶችን ለማረጋገጥ እንደሞከሩና የተሳካላቸው በ6ቱ ብቻ እንደሆነ ይፋ ተደርጓል። ማረጋገጥ ካልቻሏቸው መካከል በብዛት ሲጠቀሱ የኖሩ ነበሩ።