ሃይማኖትና ሥነ ምግባር በአዲስ አበባ ዳርቻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ ወይም ቦሌ አራብሳ ባለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሃይማኖት የሚባል የትምህርት ዓይነት የለም። ፕሮግራም ውስጥ አይገባም፣ ካርድ ላይም አይወጣም። ተማሪው ግን ሃይማኖቱን ጠበቅ አድርጎ የያዘ ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 75 በመቶ ገደማው ኦርቶዶክስ፣ 16 በመቶው ሙስሊም፣ 8 በመቶ ገደማው ፕሮቴስታንት ነበር። የሁሉም ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ።

የሕጉ መሠረት የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተፅዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 27 ሌላውን ጎን ይጠብቃል። ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም ይችላሉ፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው አስተምረው የማሳደግ መብት አላቸው። ሥራው በዚህ መልክ ተከፍሏል። ሥነ ምግባር ለትምህርት ቤቱ፣ እምነት ለቤትና ለቤተ እምነት።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1900 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ግብረ ገብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ደርግ ቦታውን ለፖለቲካ ትምህርት ሰጠው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት መጣ፤ ተማሪው «ሲቪክስ» ብሎ የሚጠራው ማለት ነው። 11 እሴቶች ነበሩት። የሕግ የበላይነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ታታሪነት፣ ቁጠባ እያሉ የሸመደዱ ሰዎች ዛሬ ራሳቸው ወላጆች ናቸው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ታችኛዎቹ ክፍሎች ግብረ ገብ ይማራሉ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚሰጠው ዜግነት ትምህርት ነው።

እዚህ ላይ ከባዱ ችግር ቋንቋ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። ስለ ሐቀኝነት የሚያወራ ገጽ ለመጨረስ ፔሬዱ በትርጉምና በኖት ያልቃል። መምህሩ አማርኛ ሲጀምር ክፍሉ ይነቃል፤ ያኔ ግን ደወሉ ደርሷል። በኔ እምነት ስለ ሰው ክብር የሚደረግ ውይይት ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ካልሆነ ፈተና ወረቀት ላይ ይቀራል።

ፈተና ካልን፣ ኩረጃ የዚህ ትምህርት ትልቁ መለኪያ ነው። በ2015 መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ስርቆትንና ኩረጃን ለማስቀረት ተብሎ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለ። ግን ለብዙ ዓመት ሐቀኝነትን እያጠናን በኩረጃ ስናልፍ እንደነበር መካድ አይቻልም። ጎበዝ መምህር ይህን ርዕስ አይሸሸውም። «ጓደኛህ አስኮርጀኝ ቢልህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቅና ዝም ይላል። አንዱ «ጓደኛ አይከዳም» ይላል፣ ሌላዋ «ያልለፋበትንማ እንዴት ይወስዳል?» ትላለች። እውነተኛው ትምህርት የሚጀመረው እዚህ ነው።

የዳርቻው ሰፈር የራሱ ጠባይ አለው። ከካዛንቺስ፣ ከመርካቶ፣ ከአራት ኪሎ የመጡ ቤተሰቦች በኮንዶሚኒየም ዕጣ አንድ ብሎክ ላይ ተገናኝተዋል። አጠገባቸው ደግሞ ድሮም እዚያው ሲያርሱ የነበሩ፣ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚነገር ቤተሰቦች አሉ። በአሮጌው ሰፈር ልጅ ሲያጠፋ የሚቆጣ ጎረቤት አይጠፋም ነበር። አዲሱ ሳይት ላይ የአራተኛ ፎቅ ሰው የሁለተኛውን ልጅ አያውቀውም። ዕድርም ከዜሮ ይመሠረታል። ጎረቤት ይሠራው የነበረው ሥራ ሳይታወቅ ትምህርት ቤቱ ጫንቃ ላይ ወድቋል።

የሃይማኖቱ ትምህርት ከግቢ ውጭ ነው። የኦርቶዶክሱ ልጅ ቅዳሜና እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ያጠናል፣ ትምህርተ ሃይማኖት ይማራል። የሙስሊሙ ልጅ መድረሳ ገብቶ ኡስታዙ ፊት ቁርአን ይቀራል። የፕሮቴስታንቱ ልጅ የታዳጊዎች ፕሮግራም አለው። አዲስ ሰፈር ላይ ቤተ እምነቱም ገና እየተሠራ ስለሆነ ወጣቶቹ ወንበር ይሸከማሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ። እዚያ የሚለመደው ኃላፊነት ከመጽሐፉ የበለጠ ይዘልቃል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም እያንዳንዱ ከራሱ ወገን ጋር ብቻ ነው የሚማረው። ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚቀመጥበት ቦታ ትምህርት ቤቱ ነው።

የምሳ ሰዓት ይህን በደንብ ያሳያል። ምሳ ዕቃ ይከፈታል፣ ከየአቅጣጫው እጅ ይገባል። ሥጋ ካለበት ባለቤቱ ቀድሞ ይናገራል፤ ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን እርድ አይበላምና። ሽሮ ከሆነ ሁሉም ይቀርባል። ረመዳን ሲገባ የሚፆም ጓደኛቸው ፊት ላለመብላት ራቅ ብለው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ማንም በፔሬድ አላስተማራቸውም። መምህሩ ይህንን ልማድ ወደ ክፍል አምጥቶ «ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ?» ቢል ከአንድ ምዕራፍ የሚበልጥ ነገር ያገኛል።

ብዙ መምህራን ግን ይፈራሉ። «ቲቸር፣ የእርስዎ ሃይማኖት ምንድን ነው?» የምትለው ጥያቄ ድንገት ትመጣለች። ብትመለስ አንዱ ወገን ደስ ይለዋል፣ ሌላው ይሸሻል። ልምድ ያላቸው መምህራን ስለ ራሳቸው እምነት ዝም ብለው ስለ ተማሪዎቹ በአክብሮት ይጠይቃሉ።

ጠብ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ በትንሽ ነገር ነው። ዓርብ ቀትር ላይ ቴስት ከወደቀ የጁምዓ ሰጋጆች ይቸገራሉ። የማካካሻ ክፍል በጥምቀት ማግስት በሚካኤል ቀን ከተጠራ የሌላው ወላጅ ይቆጣል። ዓመቱ ሲጀመር የበዓላቱን ቀን ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ቁጭ ብሎ የሚያይ ዩኒት ሊደር ይህን አስቀድሞ ይከላከላል። ሥራው የአንድ ከሰዓት ስብሰባ ነው፤ በጀትም አይጠይቅም።