«ከወንጀል ነፃ» ምንድን ነው?

«ከወንጀል ነፃ ወረቀት አምጥቶ የተቀጠረ የቀበሌ ሠራተኛ እንዴት ጉቦ ይቀበላል?» የሚል አስተያየት ለስንተኛ ጊዜ እንዳነበብኩ አላስታውስም። አስተያየት ሰጪው ወረቀቱን የጠባይ ምስክር አድርገውታል፤ ወረቀቱ ግን የሚናገረው የአመልካቹ አሻራ ከፖሊስ መዝገብ ጋር ተመሳክሮ በዚያ ዕለት ምን እንደተገኘ ብቻ ነው። (ከቀድሞ መሥሪያ ቤት ከሚሰጠው ክሊራንስ ጋርም አይገናኝም፤ ያኛው ንብረት ማስረከብን ያሳያል።)

የድሬዳዋ ሰው ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ያውቃል። በበጋ የሚሻገረው አሸዋና ጠጠር ብቻ ያያል፤ ያየውም እውነት ነው። ሆኖም ወንዙ አይሞላም ማለት አይችልም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የደረሰው ጎርፍ የመጣው ከላይ ከደጋው ነበርና። ወረቀቱም እንዲሁ ነው፤ የታየውን እንጂ የሚመጣውን አይናገርም። ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው፦ ጎርፍ አሸዋው ላይ የተወው ምልክትም ዶዘር ሲያልፍበት ይጠፋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ «መሰየም» የሚለው ከዚህ ይቀራረባል፤ ቅጣቱን ጨርሶ ሕጉ የወሰነውን ጊዜ በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው በፍርድ ቤት ሲሰየም ጥፋተኛነቱ ከመዝገብ ይሰረዛል። እዚህ ላይ ምሳሌው ይደክማል፤ ምልክቱን የሚያጠፋው ሕጉ ራሱ ነውና፣ ያንን እንደ ማጭበርበር መቁጠር ስሕተት ነው።

ይበልጥ የሚያናድደኝ «ተከሶ የሚያውቅ ሁሉ አይቀጠር» የሚለው ሐሳብ ነው። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 እንደ ሙስና፣ እምነት ማጉደል፣ ስርቆትና ማጭበርበር ባሉ ወንጀሎች የተነሣ ለመቀጠር ብቁ አይደለም ያለው በፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባለውን እንጂ የተከሰሰውን አልነበረም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3ም ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል። ያም ሆኖ በአንድ መሥሪያ ቤት በቀይ እስክሪብቶ «ክስ ነበረበት» የሚል ጽሑፍ ዳር ላይ የሰፈረበት የአመልካች ፋይል አይቻለሁ። የነፃ ብይኑ ግልባጭ ከዚያው ፋይል ውስጥ ሦስተኛ ገጽ ላይ ተያይዞ ነበር፤ የገለጠው ግን አልነበረም።

ለገንዘብ ያዥና ለንብረት ክፍል ሠራተኛ ከወረቀቱ በተጨማሪ ዋስ የሚጠየቀውም ወረቀቱ ስለ ነገ ስለማይናገር ነው። ዋሱም ቢሆን የሚጠየቀው ለጎደለው ገንዘብ እንጂ በመስኮት ሥር ለተቀበሉት ጉቦ አይደለም።