ሪማስተር ምንድን ነው?

አንድ የቆየ የሮክ ወይም የፖፕ አልበም እንደገና ሲወጣ ሽፋኑ ላይ «ሪማስተርድ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ግን ድምፁ ተሻሽሏል ማለት አይደለም። የማስተሪንግ ባለሙያ የሚረከበው ተሚክሶ፣ ማለትም መሣሪያዎቹና ድምፃዊው ተቀላቅለው፣ ያለቀ የስቴሪዮ ቴፕ ነው። ቴፑን እንደ አዲስ ወደ ዲጂታል ይገለብጠዋል፣ የወፍራምና የቀጭን ድምፁን ሚዛን ያስተካክላል፣ የጩኸቱን መጠን ይወስናል። ጊታሩን ለብቻው ከፍ ማድረግ ከተፈለገ በተለምዶ እያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻው ወደተቀዳበት ባለብዙ ትራክ ቴፕ መመለስ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ሪሚክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጡት የቢትልስ አልበሞች ሪማስተር ናቸው። ድምፃዊው ኢጊ ፖፕ በ1997 እንደገና የሠራው የባንዱ የስቱጅስ አልበም «ሮው ፓወር» ግን ሪሚክስ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ የአልበም ግምገማ አንባቢን ያሳስታል።

ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ሪማስተሩ ከየትኛው ቴፕ እንደተሠራ ነው። ቴፕ ከቴፕ በተገለበጠ ቁጥር ሹክሹክታው፣ ማለትም የቴፑ የራሱ «ሽሽ» የሚል ድምፅ፣ ይጨምራል፣ የሲምባሉ ጥራት ይደበዝዛል። አንዳንድ ቀደምት ሲዲዎች ለሸክላ ተብሎ ባሱ ከተቀነሰበት ቅጂ ስለተሠሩ ቀጥነው ይሰማሉ። ዋናው ቴፕ ተገኘ ማለትም ሥራው ቀላል ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተመረቱ አንዳንድ ቴፖች እርጥበት ስበው ይጣበቃሉ፤ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለሰዓታት ካልደረቁ ማሽኑ ላይ ይላጣሉ።

ብዙ ሪማስተር የሚበላሸው ግን በጩኸት ነው። ዲጂታል ድምፅ 0 ዴሲቤል ከሚባለው ጣሪያ በላይ መውጣት አይችልም። አልበሙ ይበልጥ እንዲጮህ ሲፈለግ ሊሚተር የሚባለው የድምፅ መገደቢያ ከፍ ያሉትን ምቶች እየጨፈለቀ ቀሪውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስናር ድራሙን ለይቶ ማዳመጥ ነገሩን ያጋልጣል፦ ጥሩ ቅጂ ላይ ምቱ ከሙዚቃው ፈንጠር ብሎ ይወጣል፣ የተጨፈለቀው ላይ ከጊታሩ ጋር አንድ ግድግዳ ይሆናል። ለስላሳው መግቢያና ኃይለኛው አዝማች እኩል ሲጮሁ ዘፈኑ የሚያድግበት ቦታ አይኖረውም። ይህ በእውነት ያሳዝናል፤ ባንዱ ለዚያ ከፍታ ብሎ ነው በዝግታ የጀመረው።

ሁለት ቅጂ ሲወዳደር የድምፅ መጠናቸው መጀመሪያ እኩል ይሁን። አንድ ዴሲቤል ብቻ ከፍ ያለው እንኳ ለጆሮ የተሻለ ይመስላል። ሁለቱንም በአንድ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍቶ፣ ያንኑ 30 ሰከንድ መርጦ፣ አማካይ መጠናቸው እስኪገጥም የሚጮኸውን መቀነስ ይበቃል። ከዚያ ዘፈኑ እየደከመ የሚያልቅበትን ቦታ መስማት ነው። የቴፑን ሹክሹክታ ለማጥፋት ከመጠን ያለፈ ማጽጃ ከተጠቀሙ፣ የሲምባሉና የፒያኖው ጭራ ሳያልቅ ይቆረጣል።

ግምገማው ላይ የማስተሪንግ ባለሙያው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና የቴፑ ምንጭ ይስፈሩ። ቡክሌቱ ምንጩን ካልገለጸ፣ አለመገለጹ ራሱ ይጻፍ።