እግዚአብሔር የሚድኑትን አስቀድሞ ከመረጠ፣ የእኔ ማመን ምን ይሠራል?

ደሴ ባለው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። እንቅልፍ የነሳቸው ወንድሞች ስላሉ ላብራራው።

ግራ የሚያጋባው ማወቅና መወሰን ሲደባለቁ ነው። ሐረጎ ዳገት አናት ላይ ቆማችሁ ከኮምቦልቻ የሚወጣ መኪና አያችሁ እንበል። ኩርባው ጋ ሲደርስ እንደሚታጠፍ ታውቃላችሁ። መሪውን የያዘው ግን ሾፌሩ ነው። የሆላንዳዊው የነገረ መለኮት መምህር የአርሚንዮስ ተከታዮች ምርጫን የሚረዱት እንዲህ ነው፤ እግዚአብሔር የሚያምኑትን አስቀድሞ አውቆ መረጠ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርትም ነጻ ፈቃድን አጥብቆ ይይዛል።

ካልቪናውያን (የተሐድሶው መሪ የጆን ካልቪን ተከታዮች) ግን «እግዚአብሔር ተመልካች ብቻ አይደለም» ባዮች ናቸው። ለእነሱ እምነት ራሱ የምርጫው ፍሬ ነው። ሰው ወዶ ያምናል፤ ፈቃዱን የሚያነቃው ግን ጸጋ ነው። ስለዚህ «ሰውን ሮቦት ያደርጉታል» ማለት እነሱን መበደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1618–19 በሆላንድ የተካሄደው የካልቪናውያን የዶርት ጉባኤም የተሟገተው በዚሁ ነው።

ያለ ጸጋ መዳን እንደሌለ ሁለቱም ይስማማሉ። «ተመርጬ ይሆን?» ብሎ ለተጨነቀም መልሳቸው አንድ ነው፦ ወደ ክርስቶስ ና። የሚለያዩት በሮሜ 8፥29 «አስቀድሞ ያወቃቸው» በሚለው ላይ ነው። እምነታቸውን አይቶ ነው ወይስ አስቀድሞ ወዷቸው? እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ።