የሐረር ሰንጋ፣ ውሻና ጅብ፤ በሽታ ሲገባ የሚከተለው ሐዘን

የሐረር ሰንጋ በመስክ ተለቅቆ አይደልብም። በአካባቢው ያለው ገበሬ አንድ ወይም ሁለት በሬ ደጁ ላይ አስሮ፣ ማሽላና በቆሎው ሲሳሳ የተነቀለውን ቡቃያ፣ ኋላም አገዳውን፣ በእጁ እያቀረበ ለወራት ይቀልበዋል። የበሽታ ቁጥጥር ሥራ የሚከብደው ከመርፌውና ከክትባቱ ይልቅ በዚህ ቅርበት ምክንያት ነው።

ማታ ደኅና የነበረ በሬ ጠዋት ሞቶ ሲገኝ፣ ከአፍንጫውም የማይረጋ ጥቁር ደም ሲወርድ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አባ ሰንጋ (አንትራክስ) ነው። የሐኪሙ ትእዛዝ አጭር ነው፦ አይበለት፣ አይገፈፍ፣ በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ሬሳው ከተከፈተ ተሐዋሲው አየር አግኝቶ ጠንካራ ዘር ይሠራል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ለባለቤቱ ግን ሥጋው፣ ቆዳውና የዓመት ገንዘቡ አብረው ጉድጓድ ገቡ። አንዳንዱ በሬው ገና ሲያጣጥር በቢላ የሚደርስበት ለዚህ ነው። ነገሩን አላዋቂነት ማለት ይቀናናል፤ እያወቀ የሚያደርገውም አለ።

የበሽታዎቹ የአማርኛ ስሞች ራሳቸው ፍርሃቱን ያሳብቃሉ። አባ ሰንጋና አባ ጎርባ እንደ ሽማግሌ «አባ» ተብለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ ክፉ ቀንን ያመጣው የከብት እልቂት ደግሞ ስሙ «ደስታ» ነው! እሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ በግና ፍየል የሚፈጀው ዘመዱ «ደስታ መሰል» ግን ዛሬም አለ።

እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ አሮጌዋን ሐረር የከበበው የጁገል ግንብ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ሐረሪዎች ዋራባ የሚሉት ይህ እንስሳ ሌሊት ገብቶ ጥራጊ ይለቅማል፤ በአሹራ ገንፎ ይቀርብለታል፤ ጂን ያባርራል ተብሎም ይታመናል። ስለዚህ የእብድ ውሻ በሽታ በተወራ ቁጥር «አውሬ ነው፣ ይወገድ» የሚለው ቃል እዚህ ጆሮ አያገኝም። ደግሞም በሽታውን ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ከ100 ጊዜ 99ኙን ውሻ ነው፤ ከውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በከተሞቻችን የቆየው መርዝ የማብላት ልማድ ግን የተከተበውንም ያልተከተበውንም ይገድላል። በሐረር ደግሞ በመርዝ የሞተ ውሻ የጅብ እራት ነው።

የቤት ውሻ ሰው ሲነክስ ቁስሉ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ተነካሹ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ውሻው ማበድ አለማበዱ እስኪለይ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል። ጎረቤት «ምን ያስጠብቃል?» ይላል። ትናንት ከእጃቸው ሲያጎርሱት የነበሩት የቤቱ ልጆች ሳህኑን በረጅም ዱላ እየገፉ ያቀርቡለትና፣ ይበላ እንደሆነ ከበሩ ሥር ቆመው ያያሉ።