"ሌሊቱን ነድተን ጠዋት እንገባለን" ለምትሉ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰመር ሲመጣ፣ በተለይ ጁላይ 4 ሰሞን በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የኳስ ፌስቲቫል ሲቃረብ፣ ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ባለን ሐበሾች ቤት አንድ ወሬ አይጠፋም፣ "ለአምስት ሰው የፕሌን ቲኬት ከምንገዛ ሌሊቱን ነድተን እንግባ።" እኛም ወደ አትላንታ እንደዛ ብለን ወጣን። 640 ማይል አካባቢ ነው፣ ብዙ ካልቆማችሁ 10 ሰዓት ይፈጃል። ያን ሌሊት የደረሰብንን እዚሁ መሀል እነግራችኋለሁ፣ ከዛ ወዲህ ግን ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነው የከረምኩት፣ ሰው ሲያወራ የምሰማቸውን ስህተቶችም አንድ በአንድ ልበልላችሁ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

"ልጆቹ ስለሚተኙ ሌሊት ይሻላል"

ግማሹ እውነት ነው። ልጆች ይተኛሉ፣ "መቼ ነው የምንደርሰው" የለ፣ ሽንት ቤት የለ፣ ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ሃይዌይ 95 ላይ ያለው የቀን ትራፊክም የለም። ችግሩ ልጆቹ ሲተኙ እናትየዋም ትተኛለች፣ መኪናው ፀጥ ይላል፣ ሹፌሩ ብቻውን ይቀራል። በእንቅልፍ የሚደርስ አደጋ ባህሪው ይታወቃል፣ የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት ኤንኤችቲኤስኤ ራሱ የሚለው ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋቱ 12 ባለው ጊዜ ወይም ከሰዓት በኋላ፣ ሃይዌይ ላይ፣ አንድ መኪና ብቻውን ከመንገድ ወጥቶ፣ ፍሬን የተያዘበት ምልክት እንኳን ሳይኖር። ሰውነታችን ተኛ የሚለን በዛ ሰዓት ነው፣ ቀን የፈለግነውን ያህል ብንጠነክርም።

"እንቅልፍ ሲመጣብኝ ይታወቀኛል፣ ያኔ አቆማለሁ"

የሚያሳዝነው ስህተት ይሄ ነው፣ እኛንም ሊያስጨርሰን የነበረው። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፣ የዛን ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ሲሰራ ውሎ እራት በልቶ ሻወር ወስዶ ማታ 4 ሰዓት ላይ ከአሌክሳንድሪያ ወጣን። እኔ ፍርፍሩን በፎይል፣ ዳቦ ቆሎውን በላስቲክ፣ ቡናውን በፔርሙዝ አዘጋጅቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ፣ ላወራው ነበር ሀሳቤ። ፒተርስበርግ ላይ 95ን ለቀን ሃይዌይ 85 ውስጥ ስንገባ ያ መንገድ ግራና ቀኙ ጫካ ብቻ ነው፣ መብራት የለው፣ ኤግዚቱም (ከሃይዌይ መውጫው) አልፎ አልፎ ነው፣ እኔም የት ላይ እንቅልፍ እንደወሰደኝ አላውቅም። የቀሰቀሰኝ ድድድድድ የሚል ድምጽ ነው፣ ያ መንገድ ዳር ያለው የተቦረቦረ አስፋልት። ዞር ስል ባለቤቴ መሪውን በሁለት እጁ ይዟል፣ ዓይኑ ተገልጧል፣ ፊት ለፊት ያያል ግን አያይም። ስሙን ጠርቼ ስጮህ መሪውን መለሰው፣ መጀመሪያ ያለኝም ቃል "ምን ሆንሽ? ነቅቼኮ ነው" የሚል ነው። አልዋሸም፣ የምሩን ነው፣ አልታወቀውም። ከኋላ ሦስቱም ልጆቼ ተኝተዋል፣ ትንሿ አፏን ከፍታ።

ሰው ከደከመው አንጎሉ ለጥቂት ሰከንድ ይዘጋል፣ ዓይን ተገልጦም ቢሆን፣ ሰውየውም ብዙ ጊዜ አያስታውሰውም። በዛ መንገድ የተፈቀደው ፍጥነት 70 ማይል ነው፣ በ70 ማይል የምትሄድ መኪና በ4 ሰከንድ ወደ 125 ሜትር ትሄዳለች፣ ልናየው ከምንሄደው ኳስ ሜዳ ትረዝማለች ማለት ነው፣ ያን ሁሉ ያለ ሹፌር።

ሌላው ያወቅኩት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ነገሮችን የሚያይበትና ቶሎ ምላሽ የሚሰጥበት አቅም በደሙ 0.05 ፐርሰንት አልኮል እንዳለው ሰው ይሆናል፣ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ 0.10፣ በአብዛኛው ስቴት ህጉ የሚከለክለው 0.08 ነው። ከ11 ሰዓት ንጋት ጀምሬ ስቆጥር ባለቤቴ 17 ሰዓት የሞላው ገና ቤት በር ላይ ሻንጣ ስንጭን ነው። ሁለት ቢራ ጠጥቶ ቢሆን ቁልፉን እቀማው ነበር፣ ለእንቅልፍ ግን ፔርሙዝ ነው የያዝኩለት።

"ቡና እስካለ ችግር የለም"

ቡና ይረዳል፣ ግን ወዲያው አይደለም፣ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይፈልጋል። ዓይናችሁ እየተከደነ ጠጥታችሁ መንገድ ከቀጠላችሁ ያን ግማሽ ሰዓት የምትነዱት ያለ ቡና ነው። የሚሻለው ኤግዚት ወጥታችሁ፣ ቡናውን ቶሎ ጠጥታችሁ፣ ወንበሩን አስተኝታችሁ ለ20 ደቂቃ አላርም ሞልታችሁ መተኛት ነው። ስትነቁ ቡናውም ስራ ይጀምራል። ከዛ በላይ ከተኛችሁ ድንዝዝ ብላችሁ ትነሳላችሁ፣ እስኪለቃችሁ መሪ አትያዙ። ይሄም ቢሆን ለአንድ ሁለት ሰዓት የሚያደርስ ነገር ነው እንጂ የሌሊት እንቅልፍን አይተካም።

መስኮት መክፈት፣ ኤሲ ፊት ላይ ማድረግ፣ ሙዚቃ ከፍ ማድረግ የሚባለው ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ያታልላችኋል እንጂ ተፈትኖም ብዙ ጥቅም አልተገኘበትም።

"እኔ ሌሊት መንዳት ስራዬ ነው፣ ለምጄዋለሁ"

ወንድሞቻችን ኡበርም ትራክም የሚነዱ ብዙ ናቸው፣ ይሄን ቃል ከነሱ ነው የምሰማው፣ ሙያቸውን አከብራለሁ። ግን እስቲ የራሳችሁን ህግ አስቡት። ትራክ ነጂ ዕቃ ጭኖ ከ11 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ነው የፌደራሉ ህግ፣ ያውም 10 ሰዓት ተከታታይ እረፍት ከወሰደ በኋላ፣ ያውም ስራ ከጀመረ 14 ሰዓት ሳያልፈው። ኡበርም 12 ሰዓት ከነዳችሁ አፑ ለ6 ሰዓት ይዘጋባችኋል። ቀኑን ሙሉ ሰርታችሁ ማታ ቤተሰብ ስትጭኑ ግን የሚዘጋባችሁ አፕ የለም። ለሰው ዕቃ ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ካለ ልጆቻችሁስ? ልምድ መኪና መያዝን ያስተምራል፣ እንቅልፍን አያስቀርም።

"ሁለት ሹፌር አለን፣ እየተቀያየርን እንነዳለን"

ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ሁለቱም በደንብ ተኝተው ከወጡ። ሁለቱም ሲሰሩ ከዋሉ ሁለት የደከመ ሰው ነው ያለው። መኪና ውስጥ የሚተኛው እንቅልፍም የአልጋ እንቅልፍ አይደለም፣ አንገት ተጣሞ ሁለት ሰዓት የተኛን ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቀስቅሶ "በል ተራህ ነው" ማለት አደጋ ነው።

"መንገዱ ባዶ ነው፣ ፖሊስም የለም"

መንገድ ጥገና ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ሌሊት ነው የሚሰራው፣ ሌን (የመንገዱ መስመር) ድንገት ይዘጋል። ከባር የወጣ ሰካራምም በዛው ሰዓት ነው መንገድ ላይ ያለው። አጭሩ መብራት የሚያሳያችሁ ከ50 እስከ 75 ሜትር አካባቢ ነው፣ በ70 ማይል ያለች መኪና ለመቆም ወደ 100 ሜትር ትፈልጋለች፣ ስለዚህ አጋዘን ካያችሁት በኋላ ሳትገጩት ለመቆም አትደርሱም። ቢገባባችሁም ፍሬን ያዙ እንጂ መሪ አትጠምዝዙ፣ መኪና የሚገለበጠው ያኔ ነው። ፖሊስ ደግሞ አለ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ ከተያዛችሁ ትኬት ከፍሎ መሄድ አይደለም፣ ሬክለስ ድራይቪንግ የሚባል ወንጀል ነው፣ ፍርድ ቤት ያስቀርባል፣ እስርም ሊያመጣ ይችላል።

"ልጁ እንዲመቸው ከካርሲቱ (ከልጆች የመኪና ወንበር) አውጥተን እናስተኛው"

እባካችሁ፣ እናቶች፣ ይሄን አታድርጉ። አንጀታችን ስለሚባባ ነው፣ አንገቱ ዘንበል ሲል ቀበቶውን እናላላለታለን ወይ ጭናችን ላይ እናስተኛዋለን። መኪና ሲጋጭ የትኛዋም እናት ልጇን በክንዷ መያዝ አትችልም። ቀበቶው ትከሻው ላይ ጥብቅ ይበል፣ ደረቱ ላይ ያለው ክሊፕ ብብቱ ትክክል ይሁን፣ ከበረደው ወፍራም ጃኬት አልብሶ ከማሰር ካሰሩ በኋላ ብርድ ልብስ ጣል ማድረግ ነው። ጨቅላ ከሆነ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ቆማችሁ አውጥታችሁ እቀፉት።

"መኪናዬ ራሱ ሌን ይጠብቃል"

ይጠብቃል፣ ሹፌር ግን አይደለም። እጅና እግር ስራ ሲያጣ እንዲያውም እንቅልፍ ቶሎ ይመጣል።

"ሬስት ኤሪያ (ሃይዌይ ዳር ያለ ማረፊያ) መተኛት ያሳፍራል"

ለዚህ ነውኮ የተሰራው። መብራት ያለበት ቦታ፣ ሰው የማይጠፋበት፣ በሩን ቆልፋችሁ ተኙ። በየስቴቱ ስንት ሰዓት መቆም እንደሚቻል ምልክቱ ላይ ተጽፏል። ትራክ ስቶፖችም ብዙዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ናቸው።

እኛ ያን ሌሊት የሚቀጥለው ኤግዚት ላይ ወጥተን ጋዝ ስቴሽን መብራት ስር ቆምን፣ እሱ እስኪነጋ ተኛ፣ እኔ ዓይኔን አልከደንኩም። ጠዋት ልንደርስ ያልነው አትላንታ ከሰዓት በኋላ ገባን፣ የመጀመሪያው ጨዋታ አለፈን። አሁን ከጉዞው በፊት ያለውን ቀን ባለቤቴ ስራ አይገባም፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይተኛል፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ልጆቹን ከነፒጃማቸው አስረን እንወጣለን፣ ከደከመን መንገድ ላይ ያለችው ከተማ ቻርሎት ላይ እናድራለን።