የድሮ መኪና ብሎን፦ በደሴና ኮምቦልቻ ኦሪጅናሉን መለየት

የድሮ መኪና ሲታደስ ወሬው ሁሉ ስለ ቀለምና ስለ ሞተር ነው። ስለ ብሎን የሚያነሳ ጥቂት ሰው ነው። ግን መኪናው ሲፈታ ጣሳ ውስጥ የሚጠራቀሙት ዘይት የጠጡ ብሎኖች ብዙ ይናገራሉ። መኪናው የት እንደተሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደተፈታ፣ ከሌላ መኪና ምን እንደተዋሰ ይነግሩናል። ስለዚህ አሮጌ ብሎን አይጣልም። መኪናው እስኪያልቅ ድረስ ሰነድ ነው።

ደሴ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ወደ አሰብ የሚያወጣው ደግሞ ከኮምቦልቻ ይገነጠላል። በዚህ መስመር የብዙ አገር መኪና አልፏል። የጋራዡ ቋንቋም ይህንኑ ይመሰክራል፦ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከፊያት ሰይቼንቶ ጎን ቮልስ፣ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር በአንድ ግቢ ሲጠገኑ ብሎናቸው ይቀላቀላል። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

መጀመሪያ የሚታየው ቁልፉ ነው። የብሎኑ ውፍረት 10 ሚሊ ሆኖ የጃፓን ከሆነ ብዙውን ጊዜ በ14 ቁልፍ ይፈታል። የድሮው የጀርመን ወይም የጣሊያን ከሆነ 17 ይፈልጋል። በአዲሱ ዓለም አቀፍ መለኪያ የተሠራው ደግሞ 16 ነው። በ8 ሚሊም እንዲሁ ነው፤ የጃፓኑ 12፣ የጀርመኑ 13 ቁልፍ። እንግዲህ ቮልስ ላይ በ12 ቁልፍ የሚፈታ ባለ 8 ሚሊ ብሎን ብታገኙ፣ ከሌላ መኪና የመጣ እንግዳ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ቀጥሎ ጥርሱ። የጃፓን መኪኖች ባለ 10 ሚሊ ብሎን በአብዛኛው በጥርስና በጥርስ መካከል 1.25 ሚሊ ርቀት አለው። የጀርመኑ 1.5 ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ይገባል፣ ከዚያ ይይዛል። ብዙ ሰው ቁልፍ ጭኖ የሚገፋው እዚህ ላይ ነው። የቮልስ ሞተር አካል ደግሞ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ነው። ብረቱ ብሎን ለስላሳውን ቤት ይበላዋል። በእጅ እስከ መጨረሻው ያልገባ ብሎን በቁልፍ አይገደድም። ለማነጻጸር የታወቀ ብሎን ጥርስ ለጥርስ አጋጥሞ ወደ ብርሃን ማየት ይበቃል። መካከላቸው ብርሃን ካለፈ አይገጥሙም።

ከሁሉም የሚያደናግረው ላንድሮቨር ነው። መኪናው በ1948 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የብሎኖቹ መለኪያ የድሮው የእንግሊዝ ነበር። በዚያው ዓመት እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ በአንድ የጥርስ መለኪያ ተስማሙ። ላንድሮቨር ግን ወደ አዲሱ የተሻገረው ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ አንድ መኪና ላይ አሮጌውም አዲሱም መለኪያ ይገኛል። ዊትዎርዝ የሚባለው የድሮው የእንግሊዝ ጥርስ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ ነው፣ የአዲሱ 60። ባለ 3/8 ኢንቹ በሁለቱም መለኪያ በአንድ ኢንች 16 ጥርስ አለው። ስለዚህ አንዱ በሌላው ይገባል። ግን ጥርሱ ሙሉ በሙሉ አይነካካም። የጠበቀ ይመስላል እንጂ የሚገባውን ያህል አይዝም። ባለ 1/2 ኢንቹ ይሻላል፤ 12 እና 13 ጥርስ ስለሆነ ቶሎ ይይዝና ያስታውቃል። ራሱ ላይ የተያያዙ ክቦች የተቀረጹበት የእንግሊዝ ብሎን ካያችሁ አዲሱ መለኪያ ነው።

ራስ ላይ ያለው ቁጥር ጥንካሬውን ይናገራል። 8.8 ካለ ብሎኑ እስኪበጠስ በካሬ ሚሊሜትር 800 ኒውተን ገደማ ይችላል። በ80 በመቶው፣ ማለትም በ640 ላይ፣ ላይመለስ መለጠጥ ይጀምራል። በአሜሪካ መለኪያ ቁጥር የለም፤ ሦስት ሰረዝ ጠንካራ፣ ስድስት ሰረዝ ይበልጥ ጠንካራ ማለት ነው። የጃፓኖቹ ላይ ብዙ ጊዜ 4 ወይም 7 ይታያል። ይህን ምልክት በሽቦ ብሩሽ ወይም በመፍጫ ማጥፋት ትልቅ ጥፋት ነው። በዚያ ላይ አንዳንድ የድሮ ብሎኖች የተለበጡት በካድሚየም ነው። ብናኙም ጭሱም መርዝ ነው። በናፍጣ ነክሮ በጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

እኔ ኦሪጅናል ብሎን በጣም እወዳለሁ። ለፍሬንና ለመሪ ግን አሮጌውን መልሶ ማሰርን አልደግፍም። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከፍታው ከ500 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ ፍሬኑ መንገዱን ሁሉ ይሠራል። እዚያ ላይ መለኪያውም ጥንካሬውም ትክክል የሆነ አዲስ ብሎን ይግባ። ኦሪጅናሉ ለበር፣ ለመከላከያ፣ ለሚታየው ቦታ ይቀመጥ።

የጠፋ ብሎን ቶርኖ ቤት ሲሠራ አሮጌውን ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም። ጥርሱ ስለሚያልቅ ቶርኖ ሠሪው የተበላውን ልክ ይቀዳል። ዳዶውንም፣ ከተቻለም የሚገባበትን ዕቃ አብራችሁ ውሰዱ። ከየትኛው መኪና የትኛው ቦታ እንደወጣም ንገሩት።